ለትምህርት ቤት ከመክፈልዎ በፊት፦ በአሜሪካ የውበትና የጤና ረዳት ሙያ ፈቃድ አወጣጥ

በቨርጂኒያ የጥፍር ባለሙያ ለመሆን የሚጠየቀው ሥልጠና 150 ሰዓት ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ 250 ይሆናል። ካሊፎርኒያ 400፣ ጆርጂያ 525፣ ቴክሳስ ደግሞ 600 ሰዓት ይጠይቃሉ። ጥፍሩ ያው ጥፍር፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። ልዩነቱ የመጣው የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት በመሆኑና እያንዳንዱም የራሱን ሰዓት፣ የራሱን ፈተናና የራሱን የፈቃድ ዓይነት ስለሚያወጣ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ይጀምራል። ዘመዱ የተማረበትን ወይም ለቤቱ የሚቀርበውን ይመርጣል፣ ይመዘገባል፣ ይከፍላል፤ ሕጉ ምን እንደሚል የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ከትምህርት ቤቱ አፍ። ትምህርት ቤት ግን ሰዓት ሻጭ ነው። ስንት ሰዓት መግዛት እንዳለብዎ ሻጩን አይጠየቅም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ሕጉ፣ ከዚያ ያለዎት ሰነድ፣ ትምህርት ቤት በመጨረሻ።

ደረጃ 1፦ የሚሠሩትን ሥራ ጠበብ አድርገው ይለዩ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው ፀጉር ያጥባል፣ በቢጉዲን ጠቅልሎ ካስክ ያስገባል፣ ሹሩባ ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቅንድብ ይነቅላል፣ አንዳንዴም ጥፍር ያሳምራል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ የተለያዩ ፈቃዶች ይዞታ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያሠራው የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ ሲሆን ረጅሙን ሥልጠና የሚጠይቀውም እርሱ ነው። በሜሪላንድና በጆርጂያ 1,500፣ በሚኒሶታ 1,550፣ በዋሽንግተን ስቴት 1,600 ሰዓት ነው። ቴክሳስ፣ ኒውዮርክ፣ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ 1,000 ሰዓት ይጠይቃሉ።

ሥራዎ ፊት ማጽዳትና የቆዳ እንክብካቤ ከሆነ ኢስቴቲሽያን የሚባለው ፈቃድ ይበቃዎታል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ ለዚህ 600 ሰዓት ሲጠይቁ ቴክሳስ 750፣ ጆርጂያ 1,000 ትጠይቃለች። በሰም ፀጉር መንቀል ብቻ ከሆነ ደግሞ ቨርጂኒያ የ115 ሰዓት፣ ኒውዮርክ የ75 ሰዓት ልዩ ፈቃድ አላቸው። ፀጉር ብቻ ለሚሠራ ሰውም መካከለኛ መንገድ ያላቸው ስቴቶች አሉ። ካሊፎርኒያ ከጥር 2022 ጀምሮ መቁረጥን፣ ማጠብንና ማስተካከልን የሚፈቅድ የ600 ሰዓት የፀጉር ባለሙያ ፈቃድ ከፍታለች፤ ኬሚካልና ቀለም ግን አይጨምርም። ጆርጂያም ከጥፍርና ከፊት ሥራ ነጻ የሆነ የ1,325 ሰዓት ፈቃድ አላት። በእኔ እምነት ይኸኛው ብዙ አያዋጣም፤ ሙሉውን ከሚሰጠው የሚያንሰው በ175 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን ምርጫ ቶሎ አያልፉት። ጥፍር ብቻ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ኮስሞቶሎጂ ቢመዘገብ በ1,250 ሰዓት ይበልጥ ይቀመጣል። በሳምንት 20 ሰዓት ለሚማር ሰው ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። በሌላ በኩል፣ ነገ የራሴን ሳሎን ከፍቼ ሁሉን እሠራለሁ የሚል ሰው ጠባቡን ፈቃድ አውጥቶ በኋላ እንደገና ከመማር ሰፊውን ቢጀምር ይሻለዋል። መሃሉን የሚወስነው ኪራይዎና ልጆችዎ ናቸው። ጥፍሩን በጥቂት ወራት ጨርሶ እየሠሩ ሌላውን በማታ መማር ብዙ ሰው የመረጠው መንገድ ነው፤ ነገር ግን የጥፍሩ ሰዓት ወደ ኮስሞቶሎጂው ይቆጠርልዎ እንደሆነ አስቀድመው ቦርዱን፣ ማለትም በስቴቱ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ሹሩባ ብቻ ከሆነ እዚሁ ላይ ያረጋግጡ፣ ምናልባት ፈቃድ አያስፈልግዎትም

ብዙ ሴቶች ሳያውቁት የሚከፍሉት እዚህ ላይ ነው። ሹሩባ መሥራት፣ ማለትም ያለ ኬሚካል ፀጉርን መጎንጎን፣ በብዙ ስቴቶች ከፈቃድ ነጻ ነው። ቨርጂኒያ በ2012፣ ቴክሳስ በ2015፣ ሚኒሶታ በ2019 ፈቃዱን አንሥተዋል። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ጆርጂያና ሜሪላንድም አይጠይቁም። ከእነዚህ በተቃራኒ ኒውዮርክ ለተፈጥሮ ፀጉር ሥራ 300 ሰዓት፣ ሉዊዚያና ደግሞ 500 ሰዓት ትጠይቃለች።

ይህ ነጻነት በችሮታ የመጣ አይደለም። በዳላስ ኢሲስ ብራንትሊ የተባለች ባለሙያ በ1997 ያለ ፈቃድ ፀጉር ጎነጎንሽ ተብላ ከሳሎኗ ታስራለች። ለዓመታት ተከራክራ በ2015 መጀመሪያ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በዚያው ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት ሕጉን አነሣው። በዚያው በ2015 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅንድብን በክር የሚነቅሉ ባለሙያዎች 750 ሰዓት እንዲማሩ ማስገደድ አይገባም ብሎ ወሰነ፤ ከሰዓቱ ቢያንስ 320ው ከሥራቸው ጋር የሚገናኝ አልነበረምና።

ነጻ ነው ሲባል ግን ወሰኑን ይወቁ። ነጻ የሆነው መጎንጎኑ ነው። ደንበኛዋ «ጫፉን ቆረጥ አድርጊልኝ» ወይም «ሥሩን አለስልሽልኝ» ስትል ወደ ፈቃድ ክልል ገብተዋል። ማለስለሻ ኬሚካል፣ ቀለምና የፀጉር ቁረጣ በየትኛውም ስቴት የፈቃድ ሥራ ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር መጨመር በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ በሙጫ ማጣበቅ ግን በአንዳንዱ አይፈቀድም። የስቴትዎን አንቀጽ ቃል በቃል ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎ ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው ያስነብቡ።

ደረጃ 3፦ ሕጉን ከባለቤቱ ይውሰዱ

በየስቴቱ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለያያል። በሜሪላንድ የኮስሞቶሎጂስቶች ቦርድ በስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። በቨርጂኒያ የባርበሮችና የኮስሞቶሎጂ ቦርድ ሲሆን ዲፖር በሚባለው የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሥር ይሠራል። በቴክሳስ ቲዲኤልአር የሚባለው የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው፤ በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ያው የፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው። ድረ ገጻቸው የመንግሥት መሆኑን አድራሻው መጨረሻ ላይ ባለው «.gov» በሚለው ምልክት ያረጋግጡ። በስማቸው ተመሳስለው የሚሠሩና ለማይረባ ነገር ክፍያ የሚጠይቁ የግል ገጾች አሉ።

ከቦርዱ ገጽ ላይ አምስት ነገሮችን በወረቀት ይጻፉ፦ የሚጠየቀው ሰዓት፣ ዝቅተኛ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ፣ የፈተናው ዓይነትና ቋንቋ፣ የሚታወቁት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር፣ ከውጭ አገር ለመጡ ሰዎች የተጻፈው አንቀጽ። ሜሪላንድ 17 ዓመትና ዘጠነኛ ክፍል፣ ካሊፎርኒያ 17 ዓመትና አሥረኛ ክፍል ይጠይቃሉ። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ሰው በር ተዘግቶበታል ብሎ እንዳያስብ ነው ይህን መጥቀሴ።

ከጓደኛ የሰሙትን ቁጥር አይመኑ፤ ጓደኛዎ የተናገረችው እውነት ቢሆንም የነገረችዎ የራሷን ዘመን ሕግ ሊሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ እስከ 2021 ድረስ ለኮስሞቶሎጂ 1,600 ሰዓት ትጠይቅ ነበር። ቨርጂኒያም 1,500 የነበረውን ወደ 1,000 አውርዳዋለች። አዝማሚያው ወደ መቀነስ ነው፤ እዚህ የጻፍኳቸው ቁጥሮችም እርስዎ በሚመዘገቡበት ቀን ቦርዱ ገጽ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለባቸው።

የመኖሪያ ወረቀትን በተመለከተ፦ የሙያ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው አመልካች በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ እንዲያመለክት ትፈቅዳለች። ሌላ ቦታ ከሆኑ ማመልከቻው ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚጠየቅ ከመመዝገብዎ በፊት ይዩ፤ 1,000 ሰዓት ተምሮ ማመልከት አለመቻል ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው።

ደረጃ 4፦ ከአገር ቤት ያመጡትን ሰነድ ያዘጋጁ

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቁበት ዲፕሎማ፣ የሲኦሲ ማለትም የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያለዎት ሰው ይህን ደረጃ በትዕግሥት ይሥሩት። ብዙ ቦርዶች በውጭ አገር የተወሰደ ሥልጠናን አይተው ከሦስት አንዱን ይወስናሉ፦ በቀጥታ ለፈተና ያስቀምጣሉ፣ የተወሰነ ሰዓት ቆጥረው ቀሪውን ተማሩ ይላሉ፣ ወይም አይቀበሉም። የማይጠይቅ ሰው ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

የሚያስፈልገው ሰነዱን ማስተርጎምና ማስገምገም ነው። ግምገማውን የሚሠሩት የግል ድርጅቶች ሲሆኑ ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባላት የሠሩትን ነው። ለገምጋሚው ሲልኩ የየትምህርቱ ሰዓት ተዘርዝሮ የተጻፈበት ትራንስክሪፕት ያስፈልግዎታል። ቦርዱ የሚቆጥረው ሰዓት እንጂ ዓመት አይደለም። «የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስዳለች» የሚል ደብዳቤ ብዙ አይጠቅምም፤ «በንድፈ ሐሳብ ይህን ያህል፣ በተግባር ይህን ያህል ሰዓት» የሚል ደብዳቤ ግን ወራት ሊያተርፍልዎ ይችላል። ኮሌጁ እንዲህ አድርጎ እንዲጽፍ አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እኅት በአካል ሄዶ ይጠይቅልዎ፤ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

የእኛን አገር ሰው ከሌላው ለይተው የሚያሰናክሉ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲፕሎማዎ ላይ 2009 ዓ.ም. የሚል ካለ ይህ በአሜሪካ አቆጣጠር 2016 ወይም 2017 ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይቀይር ከገለበጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ከትውልድ ቀንዎ ጋር ይጋጫል፣ ወይም ገና ልጅ ሳሉ የተመረቁ ይመስላል። ተርጓሚው በአሜሪካ አቆጣጠር እንዲጽፍና በኢትዮጵያ አቆጣጠር የነበረውንም ጎን ላይ እንዲያስቀምጥ ይንገሩት።

ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርትዎ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል፣ ዲፕሎማዎ ላይ እስከ አባት ብቻ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የአባትዎን ስም የመካከለኛ ስም አድርጎ መዝግቦታል። በላቲን ፊደል «ጸሐይ» የሚለው ስም በሦስትና በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። የፈተና ጣቢያው ሠራተኛ ይህን አይረዳም። መታወቂያዎ ላይ ያለውና የተመዘገቡበት ስም በአንድ ፊደል ቢለያዩ ሊመልስዎት ይችላል፤ የከፈሉት የፈተና ገንዘብም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በፓስፖርት ወይም በስቴት መታወቂያ ላይ ያለውን አጻጻፍ አንድ ብለው ይያዙና ከትምህርት ቤት ምዝገባ ጀምሮ እስከ ፈቃዱ ድረስ ያንኑ ብቻ ይጠቀሙ። አገር ቤት የተሰጠው ሰነድ ከተለየ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ቃለ መሐላ በኖታሪ አስፈርመው ያያይዙ።

ደረጃ 5፦ ትምህርት ቤት ወይስ ሥራ ላይ ሥልጠና

ገንዘብ የሌለው ሰው አፕረንቲስነትን ይጠይቅ። ሜሪላንድ ውስጥ በፈቃድ በሚሠራ ሳሎን ውስጥ በባለሙያ ሥር ሆኖ በሳምንት 20 ሰዓት ለ24 ወራት በመሥራት ለኮስሞቶሎጂ ፈተና መቅረብ ይቻላል። ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴትም የየራሳቸው የአፕረንቲስ ሥርዓት አላቸው። ጊዜው ከትምህርት ቤት ይረዝማል፣ ነገር ግን የትምህርት ክፍያ የለበትም ወይም ትንሽ ነው፤ እጅዎም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከደንበኛ ፀጉር ላይ ነው።

መጠንቀቂያው ምዝገባ ነው። ሳሎኑ በቦርዱ ዘንድ አፕረንቲስ ብሎ ካላስመዘገበዎት የሚሠሩት ሰዓት አይቆጠርም፤ ከዚህም ብሶ ያለ ፈቃድ እንደሠሩ ይቆጠራል። «መጀመሪያ ልይሽ፣ ከዚያ አስመዘግብሻለሁ» የሚል ባለ ሳሎን የሚያየው ነጻ ጉልበት ነው። የምዝገባ ወረቀቱን በስምዎ ሳያዩ መቀስ አይያዙ።

ትምህርት ቤት ከመረጡ መጀመሪያ በቦርዱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይዩ፤ እዚያ ከሌለ ወሬው አልቋል። በጤናው ዘርፍ ይህን የዘለሉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው በጥር 2023 ታይቷል። በፍሎሪዳ ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት እንደ ሸጡ የፌዴራል ዓቃብያነ ሕግ ይፋ አደረጉ። ወረቀቱን የገዙ ሰዎች በየስቴቱ ፈቃዳቸው ተመርምሮ ብዙዎቹ ተነጠቁ።

ቀጥሎ ውሉን ያንብቡ። እኔ የምመክረው ሳይፈርሙ ቅጂውን ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የማይወድ ትምህርት ቤት ማንነቱን ነግሮዎታል። የሚፈልጓቸው መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

የመሣሪያ ቦርሳው፣ መጽሐፉና የምዝገባው ዋጋ ከትምህርት ክፍያው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

በውሉ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ያ ቀን ካለፈ በኋላ ለሚቀርዎት ለእያንዳንዱ ሰዓት ተጨማሪ ይከፈላል? ይህ መስመር የብዙ እናቶችን ገንዘብ በልቷል። ልጅ ሲታመም፣ የሥራ ፈረቃ ሲቀየር ሰዓት ይጎድላል፤ የጎደለው ሰዓት መጨረሻ ላይ በዋጋ ይመጣል። በሳምንት 30 ሰዓት የሚማር ሰው 1,500 ሰዓት በ50 ሳምንት ይጨርሳል፤ 20 ሰዓት ብቻ የሚችል ሰው 75 ሳምንት ይፈጅበታል። የእውነት የሚችሉትን ይናገሩ እንጂ ትምህርት ቤቱን ደስ የሚያሰኘውን አይናገሩ።

ቢያቋርጡ ስንት ይመለሳል? የተማሩትስ ሰዓት ዕዳ ቢኖርብዎትም ለቦርዱ ይላካል?

የፌዴራል ርዳታን በተመለከተ፣ ፔል ግራንት የሚሰጠው ለዚህ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ለሚማሩ ሲሆን ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ማመልከት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ፕሮግራሙ ቢያንስ 600 ሰዓት መሆን ነበረበት፤ በ2025 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ቢያንስ 150 ሰዓት የሆኑ አጫጭር ሥልጠናዎችም መመዘኛውን ካሟሉ እንዲካተቱ መንገድ ከፍቷል። ግራንት አይመለስም፤ ብድር ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ «ሁሉም በመንግሥት ይሸፈናል» ሲል ምን ያህሉ ግራንት፣ ምን ያህሉ ብድር እንደሆነ በወረቀት ይጻፍልኝ ይበሉ።

ደረጃ 6፦ ፈተናው

ፈተናው የጽሑፍና የተግባር ሊሆን ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ ለኮስሞቶሎጂ የተግባሩን አስቀርታ ጽሑፉን ብቻ ትሰጣለች። የጽሑፉ ቋንቋ እንደ ስቴቱ ነው። ቴክሳስ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በቬትናምኛ ትፈትናለች። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ መመለስ የእኛ ተፈታኝ ዕጣ ስለሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የቃላት ደብተር ይያዙ።

እጁ የሠለጠነ ሰው የሚወድቀው በፀጉር ሥራው ላይ አይደለም። የሚወድቀው በንጽሕና ጥያቄዎች ነው። ፈተናው ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይለያል፦ በሳሙና ቆሻሻን ማንሣት፣ በኬሚካል ተሕዋስያንን መግደል፣ በሙቀትና በእንፋሎት ሕይወት ያለውን ሁሉ ማጥፋት። ማበጠሪያ መጀመሪያ ፀጉሩ ይነሣለታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ሙሉ በሙሉ መድኃኒቱ ውስጥ የሚነከረው። ሳይታጠብ ቢነከር መልሱ ስህተት ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስነው ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ በብዙ ሳሎን የሚታየው ሰማያዊ ፈሳሽ 10 ደቂቃ ይጠይቃል። የጥፍር ሞረድና እንጨት ያሉ፣ ሊጸዱ የማይችሉ ነገሮች ከአንድ ደንበኛ በኋላ ይጣላሉ። ደም ከፈሰሰ ሥራው ይቆማል፣ ጓንት ይደረጋል፣ ቁስሉ ይጸዳል፣ ይሸፈናል፣ መሣሪያው ይለያል፤ ይህን ቅደም ተከተል በቃልዎ ይያዙ።

ከዚያ የቆዳና የጥፍር ክፍሎች ስም፣ የማለስለሻ ኬሚካል ጠባይ፣ የትኛው የቆዳ ሕመም ሲታይ ሥራው ቆሞ ደንበኛው ወደ ሐኪም እንደሚላክ ይጠየቃል። ሉዊዚያናና ኒውዮርክ በቅርብ ዓመታት ጥቅልልና ከርዳዳ ፀጉር አያያዝ የሥልጠናው አካል እንዲሆን ወስነዋል። ለእኛ ሰው ይህ ያደገበት ነገር ስለሆነ እዚያ ላይ ነጥብ አይጥሉ።

ደረጃ 7፦ መንገድዎ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ከሆነ

ብዙ ወገኖቻችን ከውበት ሥራው ይልቅ የነርስ ረዳትነትን ይመርጣሉ፤ ሥልጠናው አጭር ነው፣ ሥራውም አይጠፋም። እዚህ የፌዴራል ሕግ መነሻ አለ። በ1987 የወጣው የአረጋውያን ማቆያዎች ሕግ የትኛውም ስቴት ከ75 ሰዓት በታች እንዳያሠለጥን ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በቁጥጥር ሥር የሚደረግ ተግባር ነው። ስቴቶች ከዚያ በላይ መጨመር ይችላሉ፤ ቴክሳስ 100፣ ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት ትጠይቃለች።

ከሕጉ ውስጥ ገንዘብ የሚያድንልዎት አንቀጽ ይኸው። ሥልጠናውን በጀመሩበት ቀን አንድ የአረጋውያን ማቆያ ቀጥሮዎት ከሆነ ወይም እቀጥራለሁ ብሎዎት ከሆነ፣ ለሥልጠናውም ለመጽሐፉም ሊያስከፍልዎት አይችልም። በራስዎ ገንዘብ ተምረው ከጨረሱ በ12 ወራት ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከተቀጠሩ ደግሞ ስቴቱ ወጪዎን በሥራ ጊዜዎ መጠን ተመን አድርጎ እንዲመለስልዎት ማድረግ አለበት። ደረሰኝዎን ያስቀምጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ኃይል ክፍሉን ስለዚሁ ይጠይቁ። ሳይጠየቅ የሚከፍል የለም። ይህ መብት የሚሠራው በሜዲኬርና በሜዲኬይድ ለሚገለገሉ የአረጋውያን ማቆያዎች ነው፤ ሰው ቤት እየሄዱ ለሚሠሩ ኤጀንሲዎች አይደለም።

እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው ሌላ አንቀጽ አለ። ስቴቱ ተፈታኙ ከጽሑፍና ከቃል ፈተና አንዱን እንዲመርጥ መፍቀድ አለበት። በቃል ፈተናው ጥያቄው ይነበብልዎታል። ሲመዘገቡ ካልመረጡት ግን በዕለቱ ላያገኙት ይችላሉ። ቢወድቁም ቢያንስ ሦስት ጊዜ የመሞከር ዕድል በሕግ አለዎት። የተግባር ክፍሉ ላይ እጅ መታጠብን አይርሱ፤ እጅ ሳይታጠቡ ወደ ታማሚው መቅረብ ነጥብ ያስጥላል።

አገር ቤት ነርስ የነበሩ ሰዎች በአንዳንድ ስቴቶች ሥልጠናውን ዘለው በቀጥታ ለሲኤንኤ ፈተና መቀመጥ ይችላሉ። የነርስነት ፈቃዱ ራሱ ረጅም መንገድ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ማሳጅም እንደዚሁ ነው፤ ቴክሳስ 500፣ ኒውዮርክ 1,000 ሰዓት ትጠይቃለች፤ የተቀረው አካሄድ ከላይ ካለው አይለይም።

ደረጃ 8፦ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ

የግል ፈቃድና የሳሎን ፈቃድ ሁለት ናቸው። በቤትዎ ምድር ቤት ውስጥ ወንበር አስቀምጠው መሥራት፣ ፈቃድ ያለዎት ባለሙያ ቢሆኑም፣ ቦታው ራሱ ካልተመዘገበ ያስቀጣል። ወንበር ተከራይተው ከሠሩ ግብርዎን ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰው ይከፍላሉ፤ ከየገቢዎ እየቀነሱ ያስቀምጡ።

አንዳንድ ስቴቶች ፈቃዱን ለማደስ ተጨማሪ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ኢሊኖይ ኮስሞቶሎጂስቶች በየሁለት ዓመቱ 14 ሰዓት እንዲማሩ ታዛለች። ከ2017 ጀምሮም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የአንድ ሰዓት ትምህርት እንዲወስዱ አድርጋለች። ምክንያቱን ፀጉር ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሴት ለሐኪም ያልነገረችውን ለፀጉር ሠሪዋ ትናገራለች፣ ፀጉር ሠሪዋም ከጆሮ ጀርባ ያለውን ሰንበር ታያለች።

ሲኤንኤ ሆነው ለተከታታይ 24 ወራት በክፍያ ካልሠሩ ሥልጠናውንና ፈተናውን፣ ወይም ቢያንስ ፈተናውን፣ እንደገና መውሰድ ግድ ነው። ወልደው ቤት ሊቀመጡ ወይም አገር ቤት ሊከርሙ ካሰቡ ይህን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስምሩበት፤ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ፈረቃ መሥራትና የክፍያ ወረቀቱን ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ ሌላ ስቴት ከመዛወርዎ በፊት ደግሞ ከድሮው ቦርድ የፈቃድ ማረጋገጫ በቀጥታ ለአዲሱ ቦርድ እንዲላክ ያዝዙ፤ በእጅ የወሰዱትን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ከ150 ሰዓቷ ቨርጂኒያ ወደ 600 ሰዓቷ ቴክሳስ የሚሄድ የጥፍር ባለሙያ ልዩነቱን በሥራ ልምድ ሊያስቆጥር ስለሚችል የደመወዝ ወረቀቱንና የግብር ሰነዱን ይዞ ይሂድ። ለኮስሞቶሎጂስቶች ቨርጂኒያን፣ ኮሎራዶንና ኬንታኪን ጨምሮ የተወሰኑ ስቴቶች በአንድ ፈቃድ በየስቴቱ ለመሥራት የሚያስችል ስምምነት በሕግ አጽድቀዋል። የጥፍርና የፊት እንክብካቤ ፈቃዶች በዚህ ስምምነት አልተካተቱም። ኮስሞቶሎጂስት ከሆኑና መኖሪያዎ ካጸደቁት ስቴቶች በአንዱ ከሆነ፣ የባለ ብዙ ስቴት ፈቃድ ማመልከቻ መቀበል ጀምረው እንደሆነ ዕቃዎን ከመጫንዎ በፊት ለቦርድዎ ደውለው ይጠይቁ።